አንድ ክርን ያላላው ፕላስቲክ

አንተ ግራኝ፣ ፖስት ካርዱ ላይ ያለውን የባሕር ሥዕል ተወው፤ እኔ ያየሁት ፕላስቲክ ነው!

እህቴ በሙከራ የተቀጠረችበት የፕላስቲክ ፋብሪካ ዛሬ እኔ ልጠይቃት በሄድኩበት ገዢዎች መጡ። አለቃዋ "እነዚህን ካሳመንሽ ቋሚ ትሆኛለሽ፤ ካልሆነ በሰላም ሂጂ" ብሏታል። አንዱ ገዢ ደግሞ "ጥሬ ዕቃው አንድ ከሆነ፣ ይኼኛው ድንጋይ ያኛው ማስቲካ የሆነው ለምንድን ነው?" ብሎ አፋጠጣት።

እሷ ሆዬ፣ አለቃውን ጨምራ ሁላችንንም በሁለት ረድፍ አሰለፈችና ቀኝ እጃችንን ወገባችን ላይ አስያዘችን። "እናንተ ሞለኪውሎች ናችሁ። ስትያያዙ የሁላችሁም ክርን ወደ አንድ ጎን ከዞረ ሰንሰለቶቹ ተጠጋግተው ይገጥማሉ፤ ፕላስቲኩም ይጠነክራል" አለች። እኔ ዝም ብዬ የምቆም መሰለህ? ግራ ክርኔን አውጥቼ የአለቃውን ጎን ወጋሁት፤ ልክ አንተ በዚያች የክፍላችን ጠባብ ዴስክ ስትጽፍ እንደምትደቁሰኝ!

"ወይኔ ጎኔን!" ብሎ ሲያፈገፍግ ረድፉ ሁሉ ተበታተነ። የእህቴ ፊት አመድ መሰለ፤ ግን ወዲያው "አያችሁ? ክርኑ ወዲያና ወዲህ ሲሆን መጠጋጋት የለም፤ ፕላስቲኩ ይልፈሰፈሳል" አለች። ገዢዎቹ በሳቅ ፈረሱ። አለቃው ጎኑን እያሸ "ይሄ የማነው?" ሲላት "ወንድሜ ነው ጋሼ፣ ለማሳያ ነው ያመጣሁት" አትለውም!

ቋሚ ሆነች። እኔንም አለቃው ማክሰኞ ሌሎች ገዢዎች ስለሚመጡ ና ብሎኛል፤ እሱ ግን ከእኔ ርቆ ነው የሚቆመው።

ቦታ አለቀብኝ። ታናናሾችህን ሳምልኝ። እናቴን "ልጅሽ ሥራ ያዘ" በልልኝ፤ ምን ሥራ ካለችህ፣ ተጣሞ መቆም።