ፍርዱን ሰምተው ላረፉት ከፍተኛ ዐቃቤ ሕግ ዓለምእሸት በለጠ የወጣ የሀዘን መግለጫ

የወይን አምባ ምድብ ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት ባልደረባ የነበሩት ከፍተኛ ዐቃቤ ሕግ ወ/ሮ ዓለምእሸት በለጠ፣ ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ጥር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ56 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ኃላፊዎችና ሠራተኞች በሙሉ ጥልቅ ሀዘን ተሰምቶናል። ከሀዘኑ ጋር ግን እፎይታም አለ፤ አንደብቀውም። ምክንያቱን ከዚህ በታች እንገልጻለን።

ወ/ሮ ዓለምእሸት በላስታ፣ ሾላ በር ቀበሌ በ1962 ዓ.ም. ተወለዱ። በ1989 ዓ.ም. በኮን ከተማ በረዳት ዐቃቤ ሕግነት ሥራ ጀምረው፣ ከ1998 ዓ.ም. ወዲህ በጽሕፈት ቤታችን አገልግለዋል። የወሰን ክርክር፣ የነፍስ ግድያ፣ የቅርስ ስርቆት፣ ባጠቃላይ ሌላው ሰው ገልጦ የሚከድነው ፋይል ሁሉ መድረሻው የእርሳቸው ጠረጴዛ ነበር። የጀማሪዎችን ረቂቅ በቀይ እስክሪብቶ ያርሙ ነበር፤ “እጅግ” እና “በጣም” የሚሉ ቃላት ከእጃቸው ተርፈው አያውቁም። ይህንንም መግለጫ አግኝተውት ቢሆን ኖሮ ከላይ ያለውን “ጥልቅ” ባላለፉት ነበር።

በ2011 ዓ.ም. የወይን አምባ ገብርኤል የብር መስቀል ጠፍቷል በሚል በደብሩ ጥበቃ በአቶ ወንዴ ምሥጋናው ላይ ክስ መሠረቱ። የዕቃ ቤቱ ትርፍ ቁልፍ በአቶ ወንዴ እጅ ነበር፤ ሌላ ተጠያቂም አልተገኘም። ፍርድ ቤቱ በአሥራ አንድ ዓመት ጽኑ እሥራት ቀጣቸው። ጽሕፈት ቤታችን በዚያ ዓመት ሪፖርቱ ይህንን ፋይል በስኬትነት መዝግቦታል።

በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ወ/ሮ ዓለምእሸት ስለት ለማስገባት የስድስት ሰዓት የእግር መንገድ ተጉዘው ከገደሉ ማዶ ወደሚገኘው ጉም ዋሻ ገብርኤል ወረዱ። በንግሡ ላይ ከታቦቱ ፊት የሚሄደውን መስቀል አዩት። የግራ ክንዱ ተሰብሮ በመዳብ ሽቦ የታሰረ ነበር። ይህ ምልክት በክሱ ላይ በገዛ እጃቸው የጻፉት ነውና ለማወቅ ጊዜ አልፈጀባቸውም።

በተደረገው ማጣራት መስቀሉ ያልተሰረቀ መሆኑ ታወቀ። ደብር ከደብር ንዋየ ቅድሳት መዋዋስ የአገሩ ልማድ ነው። የዕቃ ቤቱ ኃላፊ የነበሩት መምሬ ሀብተ ሥላሴ በ2010 ዓ.ም. ጉም ዋሻ አዲሱ ሕንፃ ሲመረቅ መስቀሉን በቃል አውሰው፣ በሳምንቱ አርፈዋል። የተዋሱት ስጦታ መስሏቸው ሳይመልሱት ቀሩ። ሁለቱም ደብሮች ገብርኤል በመሆናቸው ንግሣቸው በአንድ ቀን ይውላል፤ የአንዱ ምእመን የሌላውን በዓል አይቶ ስለማያውቅ መስቀሉ በየዓመቱ በአደባባይ ሲወጣ የለየው አልነበረም።

በ2015 እና በ2016 ዓ.ም. ጉዳዩ በይቅርታ እንዲያልቅ ከየአቅጣጫው ምክር ቀረበ። ይቅርታ አጭር መንገድ ነበር፤ አቶ ወንዴም በወሩ ቤታቸው ይገቡ ነበር። ወ/ሮ ዓለምእሸት ማረሚያ ቤት ሄደው ሲያማክሯቸው የሰጡት መልስ በፋይሉ ላይ ሰፍሯል፦ “ይቅርታማ ያጠፋ ይጠይቅ። እኔን ንጹሕ ነህ በሉኝ።” ጽሕፈት ቤታችን ግን ወ/ሮ ዓለምእሸት ይቅርታውን እንዲያስፈጽሙ በደብዳቤ አሳስቧቸዋል። ደብዳቤው ዛሬ ሲነበብ ያሳፍራል፤ ደጋግመን አንብበነዋል።

ፍርዱ ዳግም እንዲታይ የቀረበው አቤቱታ ሦስት ዓመት ገደማ ፈጀ። አቤቱታው ሁለት ጊዜ ተመልሷል፤ መንገድ በተዘጋባቸው ወራትም ቀጠሮው ሲንከባለል ከርሟል። በዚህ መካከል ሕመማቸው ጠና። ፋይሉን የሚያውቁት እርሳቸው ብቻ ስለነበሩ፣ እርሳቸው ካለፉ አቶ ወንዴ የቀረውን ዓመት ሌባ ተብለው ይጨርሳሉ የሚል ስጋት ነበረን። ስማቸውን በጠራን ቁጥር የምንፈራው ይህንኑ ነበር።

ኅዳር 23 ቀን 2018 ዓ.ም. ወ/ሮ ዓለምእሸት በልጃቸው በማርያማዊት ተደግፈው ችሎት ቀረቡ። ለዳኞች የተናገሩት ቃል አጭር ነው፦ “ክሱን የጻፍሁ እኔ ነኝ። የተሳሳትሁም እኔ ነኝ። ሰውየው ንጹሕ ነው።” አቶ ወንዴ ከሰባት ዓመት እሥራት በኋላ በነፃ ተሰናበቱ፤ ሰበካ ጉባኤውም ወደ ቀድሞ ሥራቸው መለሳቸው። ባለቤታቸው ወ/ሮ ብርቅዬ ከማኅበር ከተገለሉበት ቀን ጀምሮ ሳይረግጡት የቆዩትን ደጀ ሰላም በዚያው ሳምንት ረገጡ። እፎይታችን ይህ ነው። ዐቃቤ ሕጓ ፍርዱን በጆሯቸው ሰምተው አረፉ፤ እኛም የእርሳቸውን ዕዳ ተሸክመን አልቀረንም።

ይህንንም ሳንጠቅስ አናልፍም። በ2016 ዓ.ም. ደብሮቹ የውሰት መዝገብ እንዲከፍቱ ያደረጉት እርሳቸው ናቸው። አንዳንድ አባቶች ቃላችንን ተጠራጠሩ ብለው ቅር ተሰኝተው ነበር። እርሳቸው ግን በጽሑፍ ያለ ይወረሳል፣ በቃል ያለ ይረሳል ብለው አግባብተዋቸዋል። ለጽሕፈት ቤታችንም የራሳቸው ስሕተት የተዘረዘረበትን ባለ አርባ ገጽ ማስታወሻ ትተዋል፤ አዲስ የሚመደብ ዐቃቤ ሕግ ሁሉ ክስ ከመጻፉ በፊት እንዲያነበው ተወስኗል።

ለባለቤታቸው ለአቶ ከፋለ፣ ለልጃቸው ለማርያማዊት፣ ለቤተ ዘመዶቻቸውና ለሥራ ባልደረቦቻቸው ሁሉ መጽናናትን እንመኛለን። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያኑርልን።

ሥርዓተ ቀብራቸው ጥር 15 ቀን በትውልድ ቀበሌያቸው በሾላ በር ማርያም ተፈጽሟል። ለፍትሐቱ፣ ወደ ደብሩ የተመለሰው የወይን አምባ ገብርኤል የብር መስቀል በውሰት ወጥቶ፣ አቶ ወንዴ አጅበውት ሄደዋል። በውሰት መዝገቡ ላይ ከቀኑ ቀጥሎ የሰፈረው እንዲህ ይነበባል፦ “የተዋሰበት ምክንያት፦ ለወይዘሮ ዓለምእሸት ቀብር። የተመለሰበት ቀን፦ በዕለቱ። አይቶ የተረከበ፦ ጥበቃ ወንዴ ምሥጋናው።”

የወይን አምባ ምድብ ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት
ጥር 18 ቀን 2018 ዓ.ም.