እስክትለካው የተሰቀለልህ

ይድረስ ለናፍቆቴ፣ ለወንድም ጋሼ፤

እንደምን ሰነበትክ? ከዳቦ ቤቱ ሙቀት ወደ ብርድ እየወጣህ ያመጣኸው ሳል ለቀቀህ? እንቅልፍህስ? ሚስትህስ ደህና ናት? ትንሿስ ጥርስ አበቀለች? እኛ ሁላችንም ደህና ነን፤ ከናፍቆትህ በቀር የጎደለብን የለም። እማዬን ጉልበቷን ትንሽ ያማታል፤ ስትጠይቃት ግን «ማነው አመማት ያለህ?» ማለቷ አይቀርምና እኔን እንዳታወጣኝ።

በስልክ ስለ ብሎጉ ሳነሳብህ ዘጋህብኝ። የደብዳቤ አፍ አይዘጋምና እንግዲህ እስከ መጨረሻው ትሰማኛለህ። ለቤተሰቡ ብለህ ከፍተኸው ሁላችንም ስንጽፍ አባዬ አንዲት መስመር እንደነፈገህ፣ የልብስ መስፊያ ቤቱን ጥለህ በመሄድህ ቂሙ እንዳልወጣለት፣ ስለዚህም በወሩ መጨረሻ ብሎጉን እንደምታጠፋው ነግረኸኛል። እውነቱን ልንገርህ፣ እኔም ቂም መስሎኝ ነበር። የእማዬ የአበባ ፎቶ አለ፣ የእኔ ጥልፍ አለ፣ የአንተ ዳቦ አለ፤ የአባዬ ቦታ ግን ባዶ ነው።

ሰሞኑን ምሳውን ላደርስለት ስሄድ፣ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አድርጎ ኮምፒውተሩን በአንድ ጣቱ ሲቀጠቅጥ አገኘሁት። ምን እየሠራህ ነው ስለው፣ የደንበኛ ኮት የያዘ ይመስል፣ የወንድምሽን ነው አለኝ። ጠጋ ብዬ ባይ፣ ለካ አባዬ ሲጽፍልህ ነው የከረመው። አንዱንም አላወጣውም እንጂ ሁሉም እዚያው ብሎጉ ውስጥ በረቂቅ ተቀምጧል።

ለምን አታወጣውም ስለው ተቆጣኝ፤ ባለቤቱ መጥቶ ሳይለካው ልብስ ይወጣል እንዴ አለኝ። አመሉን ታውቀው የለ? በሳሳ ስፌት ይይዘውና ባለቤቱ እስኪመጣ ይሰቅለዋል። «አስቀምጥ» የሚለውን ሲጫንም መስቀያው ላይ የሰቀለልህ መስሎታል። የብሎጉ ባለቤት አንተ ስለሆንክ ገብተህ ታያለህ ብሎ እሱ ሲጠብቅ፣ አንተ ደግሞ እንደ መንገደኛ ከደጅ አይተህ ታኮርፋለህ። ዝም ስትለው ጊዜ አልወደደውም ይሆናል እያለ ፈትቶ እንደገና ይጽፈዋል። ያባትህ ልጅ እኮ ነህ።

አንዱን አንተ ሳታየው አነበብኩት፣ ይቅር በለኝ። ሕፃን ሳለህ በተዘረጋ ጨርቅ ላይ እንቅልፍ ወስዶህ፣ እንዳትነቃ ብሎ የሙሽራ ሱፍ ሳያደርስ ስለቀረበት ቀን ነው። ሙሽራው በተዋሰው ኮት ተዳረ፣ እኔም ደንበኛ አጣሁ፣ ልጄ ግን እንቅልፉን ጠገበ ይላል። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ።

በየጽሑፉ መሀል ባዶ ቦታ አለ። ተሳስቶ መስሎኝ ላጥብበው ስል እጄን ያዘኝ። ትርፍ ነው፣ አትንኪው፤ እሱ የሚያስታውሰውን ይጨምርበታል፣ ልጅ ያድጋል ብሎ ትርፍ የማይተው ምን ልብስ ሰፊ ነው አለኝ።

ስለዚህ በእናትህ ይዤሃለሁ፣ ብሎጉን አታጥፋው፤ እሱ ከጠፋ ይሄ ሁሉ አብሮ ይጠፋል። በፓስወርድህ ግባና ለካው። ከጠበበህም እዚያው ጻፍለት፣ አይከፋውም።

እማዬ እየደጋገመች ትስምሃለች፤ ብርድ ልብስ ደርብ ብላለች። ትልቋ እህታችን ከነልጆቿ ሰላም ትልሃለች። ሚስትህን ሰላም በልልኝ፣ ትንሿን አገላብጠህ ሳምልኝ። አባዬን ምን ልበልልህ ስለው፣ ክሩን በጥርሱ እየበጠሰ፣ የእኔ እዚያው ተሰቅሏል አለኝ።

ታናሽ እህትህ፣ ያችው ሚጢጢ
ከመስፊያ ቤቱ፣ ከመስኮቱ ሥር
ቅዳሜ ከሰዓት፣ ጥር ፲፪ ቀን