በመቁጠሪያ የቆጠርሁት ሽቦ

ኅዳር 8፣ ጠዋት 3 ሰዓት

ወርክሾፑን ጠርጌ ጨረስሁ። መስኮቱን ከፈትሁ። ካልተከፈተ ሣጥኖቹ እርጥበት ይስባሉ ይል ነበር ልጄ ይበልጣል። ካረፈ ዛሬ ሃያ አንድ ቀኑ።

አንቺ ደብተር፣ ከቀብሩ ወዲህ ገና ዛሬ ነው የከፈትሁሽ። የገዛሽ እሱ ነው። የጠመጠምሽውን ሁሉ ቀኑን፣ ዙሩን፣ ለማን እንደሆነ ጻፊበት ብሎ ሰጠኝ። እኔ ስድስተኛ ክፍል ላይ ያቆምሁ ሴት፣ ጽሕፈቴ ቀርፋፋ። ሌላ ሌላውንም እየጻፍሁ ሞላሁሽ።

አሁን የሚጻፍ ሥራ የለም። ስድስት ስፒከር ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፣ ፊቱ ጨርቅ አልለበሰም። ፔዳሌ አቧራ ለብሷል። በፊት የድምፅ ማጉያው ሣጥንም ትራንስፎርመሩም ተሠርቶ ከውጭ ይመጣ ነበር። የእንጅባራን መብራት አልቻለውም፤ ከፍ ዝቅ ሲል ይቃጠላል። ደንበኛ ሁሉ ተሸክሞ እየመጣ ሲያዝን፣ ይበልጣል ከእንግዲህ ሁሉንም እዚሁ እንሠራዋለን አለ። ሣጥኑን ከዋንዛ። የትራንስፎርመሩን የመዳብ ሽቦ ጥምጥም በእኔ እጅ። ጥጥ ስትፈትይ ክርሽ አይወፍር አይቀጥን፣ መዳቡም ያው ነው አለኝ። የስፌት መኪና እግር አምጥቶ መጠምጠሚያ ሠራልኝ። እግሬ ፔዳሉን፣ ቀኝ እጄ ሽቦውን፣ ግራ እጄ መቁጠሪያዬን።

ወንድሜ አያሌው ከአርባው በኋላ ወርክሾፑ ይዘጋል ብሏል። ስመኝ፣ ከልጄ ጋር ሦስት ዓመት የሠራችው፣ ባ/ዳር ሥራ አግኝታለች። እስከ አርባው እቆያለሁ አለችኝ።

ከሰዓት፦ ከዘንገና በኩል አንድ መሪጌታ መጡ። ለቤ/ክናቸው ማጉያ የገዙ ናቸው። መሞቱን የሰሙት ከተማ ከገቡ በኋላ ነው። አለቀሱ። ጠላ ሰጠናቸው፣ አልቀመሱም። ወደ ጎረቤት አጥር ሁለት ጊዜ ዞረው አዩ። ሄዱ።

ኅዳር 9

ጎረቤቴ የሺ በአጥሩ በኩል ጠራችኝ። መሪጌታው ትናንት በነጠላ የተሸፈነ ዕቃ እሷ ዘንድ አስቀምጠው ኖሯል። ማጉያው ነው። ተበላሽቶ ይዘውት መጥተው፣ ልጁ መሞቱን ሲሰሙ ደብቀውት ገቡ። ለየሺ ያሏት ይኸን ነው፦ «ወረቀቱ በሕይወት እስካለሁ ነው የሚለው። ልጁ የለም። እንዴት ብዬ ከናቱ ፊት አስቀምጣለሁ?»

እውነት ነው። ከሁሉም ማጉያ ጀርባ ወረቀት ይለጥፍ ነበር። «በሕይወት እስካለሁ ድረስ በነፃ እጠግናለሁ። ይበልጣል።» ሲጽፈው ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነበር። ሩቅ መስሎት።

ስመኝን ላክሁ፣ አምጥታ ከፈተችው። ሽታው ቤቱን ሞላው። የተቃጠለ ቫርኒሽ። ትራንስፎርመሩ ከሰል ሆኗል። ስመኝ ገለበጠችና አሳየችኝ። ከሥሩ የተለጠፈችው ትንሽ ወረቀት የእኔ ጽሕፈት ናት። መስከረም 25።

ኅዳር 10

ስመኝ የተቃጠለውን እየፈታች ጥምጥሙን ቆጠረች። እኔ አጠገቧ። አራት መቶ አሥር።

ስድስት መቶ አርባ መሆን ነበረበት። ሲያንስ ይግላል፣ ያጉረመርማል፣ መብራቱ ሲበረታ ይነድዳል። ይኸን እኔም አውቃለሁ፣ ልጄ አስተምሮኛል።

እኔ አላጎደልሁም አልኋት። ለአንድ ጥምጥም አንድ ፍሬ፤ መቁጠሪያው አንድ ዙር ሲሞላ አንድ ባቄላ ኩባያ ውስጥ እጥላለሁ። አሥር ባቄላ ሲሆን አበቃ። ሁልጊዜም እንደዚያው ነው። ደብተር ሆይ፣ አንቺም ላይ አለ፦

«መስከረም 25። ዛሬ እጄ ፈጠነ። ሁለት ጨረስሁ፣ ትናንት አንድ። አሥር አሥር ዙር። ስመኝ እማማ ምን ነክቶዎት ነው አለችኝ። ባ/ዳር ለልጄ ደወልሁለት፣ ከሐኪም ቤት አልጋው ላይ ሆኖ ሳቀ። በርቺ እማ አለኝ።»

ስመኝ አንብባ መልሳ ሰጠችኝ። ጥፋቱ የሽቦው ይሆናል እማማ አለች። ለእኔ ብላ ነው።

ኅዳር 12

ሚካኤል ነው። ቤ/ክ አልሄድሁም።

የሺ መጣች። ስትገባ ስትወጣ፣ ተቀምጣ ተነሥታ፣ በመጨረሻ፦

«እቴ፣ ጨካኝ አትበይኝና፣ ያችን መቁጠሪያዬን ብትሰጪኝ። በዓመታዊው ቀን ባዶ እጄን ሆንሁ።»

ረስቼው ነበር። ይበልጣል ባ/ዳር ሐኪም ቤት ሲተኛ የእኔን መቁጠሪያ ትራሱ ሥር አድርግለት ብዬ በአያሌው ላክሁለት። አያሌው አብሮት ሄደ። እኔም ልሄድ ነበር፣ ልጄ ነው እምቢ ያለ። ሦስት ሰው ለበዓል ቃል ተገብቶለታል፣ አንቺ ጠምጥሚልኝ አለኝ። መቁጠሪያ ስለሌለኝ የሺ የሷን አዋሰችኝ።

ስሰጣት፣ የእኔንም ከኪሴ አውጥቼ፣ ይኸውልሽ፣ የኔማ ተመልሳልኛለች አልሁ። የሺ ሳቀች። «ያንቺ ረጅሟ፣ ባለ ስልሳ አራት። ለእኔ ለሰነፏ ባለ አርባ አንዷ ትበቃኛለች።»

አርባ አንድ።

የሺ ምን ሆንሽ እያለች ነው። ሁለቱን ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ዘረጋኋቸው። ሕፃን እንኳ ያየዋል።

ኅዳር 13

እጄ አይደለም የፈጠነው። ክሩ ነው ያጠረው።

በየዙሩ «አቤቱ ማረን» እያልሁ፣ ልቤ ባ/ዳር። ፍሬዋ በጣቴ ስታልፍ ልጄን እንጂ ክሩን አላየሁ። ፔዳልሽ ላይ የዙር ቆጣሪ ልግጠምልሽ ብሎኝ ነበር እኮ። ጸሎቴን ይቆርጥብኛል ብዬ እምቢ ያልሁ እኔ ነኝ። ስመኝ ስትሞክረው ትንሽ ያጉረመርማል ብላ ነበር። ያ ሳምንት መብራቱ ደካማ ነበር፣ ከመብራቱ ነው ተባብለን ተውነው።

ደስ ብሎት ነው የሞተው። በርቺ እማ ብሎ።

ለማንም አልነገርሁም። ላንቺ ብቻ።

ኅዳር 14

በአጭሯ የጠመጠምኋቸው ሦስት ናቸው። አንቺ ላይ ተጽፈዋል። የዘንገናው። ዳንግላ የጸሎት ቤት መዘምራን የወሰዱት። ሦስተኛው ጫግኒ፣ ምግብ ቤት ያላት ወ/ሮ ዘውዴ።

ዘውዴን አስታውሳታለሁ። ልጆቼ ከመደርደሪያው ሥር ነው የሚተኙት፣ ድምፁን ዝቅ አርጌ ነው የምከፍተው ብላ ስቃለች። መደርደሪያው ላይ ነው የምታስቀምጠው።

ቢያጉረመርም ማን ያመጣዋል? ወረቀቱን ያነብባሉ፣ ለቅሶውን ይሰማሉ፣ ያፍራሉ። ሰው ሁሉ እንደ መሪጌታው ነው።

ምሳ አልበላሁም።

ኅዳር 15

ለስመኝ ነገርኋት። ቁጭ አድርጌ፣ ሁለቱን መቁጠሪያ አሳይቼ።

አየቻቸው። አፏን በእጇ ያዘች። የምታለቅስ መስሎኝ ነበር፣ ትስቃለች። እማማ ይቅር ይበሉኝ አለች። ይበልጣል ቢኖር ለከተማው ሁሉ ያወራው ነበር አለች፤ ልክ እንደሱ አድርጋ፣ ድምፁን አጎርንና፦ «የእናቴ ጸሎት አጥሮ ማጉያ አነደደ!»

እኔም ሳቅሁ። ከቀብሩ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። ሳቁ መሐል ላይ ወደ ሌላ ዞረ። ስመኝ አቅፋኝ ቆየች።

ከዚያ ፔዳሉን ዘይት ቀባች። የዘንገናውን ጀመርሁ። ባለ ስልሳ አራቷ። አሥር ባቄላ። ስመኝም ለብቻዋ በእርሳስ መስመር እያሰመረች ቆጠረች። ገጠመ።

አያሌው ገባ። ሐዘንተኛ ሴት፣ ጥቁር ለብሳ፣ ፔዳል ስትረግጥ! ሰው በር ላይ ቆሞ ይሰማል፣ እንዲህ ነው ልጅ የሚታዘንለት? አለ። ቀና ብዬ አላየሁትም። ካየሁት ዙሩ ይጠፋብኛል።

ኅዳር 18

የተጠገነውን ማጉያ ይዘን ዘንገና ደርሰን መጣን፣ በባጃጅ፣ እኔና ስመኝ። ከመኪና መንገዱ በኋላ በእግር። ሰዉ አጨዳ ላይ ነው። ቀና እያሉ አዩኝ። የሐዘን ሴት ከአርባው በፊት መንገድ ለመንገድ። አንዲት አሮጊት በአገውኛ አጽናኑኝ፣ እጄን ስመው ለቀቁኝ።

መሪጌታ ሲያዩኝ ደነገጡ። እሜቴ ምነው እርስዎ ራስዎ፣ እኔ ሰው እልክ ነበር አሉ። ስህተቱ የእኔ ነው አልሁ፤ መቁጠሪያውን ነገርኋቸው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። ራሳቸውን ነቀነቁ። አርባ አንዱም ጸሎት ነው፣ ጸሎቱን ይቀበለዋል፣ ሽቦው ግን አይቀበልም አሉ። ከዚያ ማጉያውን ለጽዮን ማርያም በዓል ስላገኙት ደስ አላቸው። ሦስት ቀን ነው የቀረው።

ልወጣ ስል መሪጌታ ከጀርባው ያለችውን ወረቀት በጣታቸው ነኩ። ይኸስ አሁን ይነሣ ይሆን? አሉ፣ ቀስ ብለው።

ይቆይ አልሁ። እስክሪብቶ ለመንሁ። ከሥሩ ጻፍሁበት፦ «እናቱም።» ሌላ የሚጻፍ አልመጣልኝም።

ኅዳር 20

ዳንግላ። ጸሎት ቤታቸው ገብቼ አላውቅም። በር ላይ ቆምሁ። የመዘምራኑ መሪ ወጣት ሴት ናት፤ ወንበር አውጥታ ደጅ አስቀመጠችኝ፣ ግቡ ብላ አላስጨነቀችኝም። ማጉያው አልተቃጠለም። ግን ያጉረመርማል፣ ይግላል። የኛ የመብራት መስመር መስሎን ነበር አለች። አቧራ እንዳይገባው ብለው ጨርቅ አልብሰውታል። ሙሉ ልብስ! እየጋለ!

ለምን አልደወላችሁም አልኋት። አንገቷን ደፋች። ሰምተን ነበር አለች። አሳፈረን።

ስመኝ ትራንስፎርመሩን በአዲሱ ቀየረችው። ከፈቱት። ጸጥ ያለ። አንድ ልጅ ሊሞክር ሁለት ስንኝ ዘመረ፣ መሪዋ እኔን አየችና አስቆመችው። ይዘምር አልሁ። ማጉያ ለዚያ አይደል።

ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ ስመኝ ስለ ባ/ዳር ምንም አላለች። እኔም አልጠየቅሁም። ደስታም ፍርሃትም ሆነብኝ።

ኅዳር 22

ጫግኒ አይደወልም። ኔትወርክ የለም። መንገዱም ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ተዘግቷል። መናኸሪያ ሁለት ጊዜ ሄድሁ። ሹፌሮቹ ቁጭ ብለው ዳማ ይጫወታሉ። ነገ ይከፈታል ይላል አንዱ። አይከፈትም ይላል ሌላው።

የዘውዴ ትራንስፎርመር ተጠናቋል። ጠረጴዛው ላይ ነው።

ኅዳር 23

ያው።

ኅዳር 24

ከጫግኒ የመጣ ሰው ካለ ብዬ ገበያ ወጣሁ። የለም። የልጆቹን ስም አላውቅም፣ ስንት እንደሆኑም አላውቅም። እንደ ራሴ ልጆች ነው የማስባቸው። ጎድናቸውን አዙረው፣ እሱ ከላያቸው እያጉረመረመ።

ከአያሌው ጋር ተጣላን። ላንቺ አጭር አድርጌ ልጻፈው። ሦስት ቀን ቀርቶት አርባ ነው፣ ጠላው ተጠንስሷል፣ በጉ ተገዝቷል፣ አንቺ መናኸሪያ ትውያለሽ አለ። የሞተው ልጅሽ ነው ወይስ ዕቃው? አለ። ስህተቱን እስካሁን አልነገርሁትም ነበር። ነገርሁት። ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ከዚያ፣ እቴ፣ ያን ጊዜ መቁጠሪያሽን ትራሱ ሥር ያደረግሁለት እኔ ነኝ፣ አንቺ በምን እንደምትቆጥሪ አላሰብሁም አለ። የእሱ ጥፋት እንደሆነ።

ኅዳር 26፣ ከሰዓት 9 ሰዓት

መንገዱ ተከፈተ። ዳማ ሲጫወቱ ከነበሩት ሹፌሮች አንዱ በር ድረስ መጥቶ ነገረኝ፤ ማጉያ ከእኛ የገዛ ሰው ነው። ነገ ጠዋት አንድ ሚኒባስ ይወጣል። ከነገ ወዲያ ስለመኖሩ አላውቅም አለ።

ነገ አርባው ነው።

ስመኝ ብቻዬን ልሂድ አለች። መቻሉን ትችላለች። ግን ለዘውዴ የሠራሁት እኔ ነኝ። በልጆቿ ላይ የሰቀልሁት እኔ ነኝ።

አያሌውን ጠራሁት። ሌሊት ፍትሐቱ ላይ እቆማለሁ፣ ቅዳሴው ሲያበቃ በዚያው ወደ መናኸሪያ እሄዳለሁ አልሁት። እንግዳውን አንተ ተቀበል። የት ሄደች ካሉህ የልጇን ቃል ልታደርስ ሄደች በል። እንደሚጮህ ጠበቅሁ። ባርኔጣውን አወለቀ፣ አዞረው፣ መልሶ ደፋው። ለመንገድ ምን ይቋጠርልሽ? አለኝ።

ስመኝን አስከትዬ ወርክሾፕ ገባሁ። በመስኮቱ ሥር፣ ይበልጣል ጀምሮ የተወው ቆጣሪ አለ፣ ቁጥሩ የሚገለበጠው። አንሥቼ ሰጠኋት። ግጠሚልኝ አልሁ። ከጫግኒ ስመለስ ፔዳሉ ላይ ላግኘው።

እኔ እንግዲህ ባ/ዳር… አለች ስመኝ።

አውቃለሁ ልጄ አልኋት። ለእኔ አሳይተሽኝ ሂጂ። ሌላ ሰው እስካስተምር እኔ እሠራለሁ። ስድስቱ ስፒከር ጨርቅ ይፈልጋሉ። አይዘጋም።

ስመኝ መፍቻውን አነሣች። ቁጭ ብላ ፔዳሉን እየፈታች ነው አሁን። ባ/ዳርን ደግማ አላነሣችም።

መቁጠሪያዬ ለጸሎት ብቻ ትሆናለች። የዘውዴን በነጠላ ጠቅልያለሁ። ወረቀቱንም ጽፌያለሁ፣ የእሱን ቃል ከላይ፣ የእኔን ከሥር። ባቄላዎቹን ከኩባያው አፍስሼ እንደገና ቆጠርኋቸው፣ አሥር፤ ስመኝም ትቁጠራቸው ብዬ ጠራኋትና በጣቷ እየነካች ቆጠረች። ገጠመ።