የእንግሊዙን ሞተር ያስነሳሁበት ቅዳሜ

ለተወደድከው ወንድሜ፣ ለጋሼ ክፍሉ፣

ከሐዲዱ ማዶ እንደምን ከርመሃል? የጅቡቲ ሙቀት አላቀለጠህም? ሳልህስ ተወህ? አባባ፣ እማዬ፣ ዘነበችና እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ደህና ነን ስልህ እስከ ዛሬ እሑድ ነው፤ የነገውን አላውቅም።

አባባ ከእንግሊዝ ወታደር የገዙት ያ ሽማግሌ ሞተር ብስክሌት ለቀበሌው ጥበቃ ተወሰደ። መውሰዱንስ ወሰዱት፤ ማስነሳት ግን አቃታቸው። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ የሰፈሩ ሽማግሌ ሁሉ ቀበሌው ደጃፍ ተራ ይዞ ይረግጠዋል። ልብስ ሰፊው ጋሽ ወልደ ማርያም አማትበው ቢረግጡት ጫማቸው ተወንጭፎ የኅብረት ሱቁ ጣሪያ ላይ አረፈ። ሊቀመንበሩ ጓድ ማዘንጊያ ሲሞክሩት ደግሞ መልሶ ረገጣቸው። እያነከሱ፣ «ይሄ ሞተር አድኃሪ ነው» አሉ። ማንም አልሳቀም። እኔም ሳቄን እስከ ቤት ተሸክሜው ሄድኩ።

ሐሙስ ዕለት ግን ሳቁ ጠፋ። ጓድ ማዘንጊያ አባባን አስጠርተው፣ «አሻጥር ሠርተህ ነው ያስረከብከን» አሏቸው። አባባን ታውቃቸው የለ፤ ዝም ማለት ሲገባቸው ኩራታቸው ይቀድማል። ደረታቸውን ነፍተው፣ «ዘዴውን የሚያውቀው ልጄ ክፍሉ ብቻ ነው፤ እሱ ቢኖር ባንድ እርግጫ ያስነሳው ነበር» አሉ። ሊቀመንበሩ ድምፃቸውን አለሰለሱ። «እንግዲያው ይምጣና ያስነሳልን። ያለፈው አልፏል፤ ማንም አይነካውም። እስኪመጣ ድረስ አንተ እኛ ጋ ትቆያለህ።» በዚያው አባባን አስቀሯቸው።

እማዬ ሁለት ሌሊት አልተኛችም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለማንም ሳልናገር ሄድኩ። ዘበኛው ገዲ፣ «ወርያ፣ አንተ ደግሞ እግርህን ልትሰብር ነው?» አለኝ። እንዳስተማርከኝ፣ ቤንዚኑ እስኪንጠባጠብ ካርቡራተሩን ነካካሁት፤ በግራ እጀታው ያለችውን ትንሽ ማንሻ መልሶ እንዳይረግጠኝ ወደ ኋላ መለስኳት፤ መርገጫውን እስኪከብደኝ ቀስ ብዬ አወረድኩና አንዴ ረገጥኩት። ተነሣ። ጭሱ ሽማግሌዎቹን ሁሉ አሳላቸው።

«እንግዲህ ክፍሉ አያስፈልጋችሁም፤ አባቴን ልውሰድ» አልኩ። ሊቀመንበሩ ፈቀዱ፤ እጄንም ጨበጡኝ። ጨብጠው ግን አልለቀቁኝም። «ጎበዝ ነህ። ወንድምህ ሌላስ ምን ምን አስተማረህ?» አሉኝ። ሌላ ምንም አላስተማረኝም አልኩ። ፈገግ ብለው፣ «ሰኞ ከትምህርት ቤት ስትወጣ ና፤ ተረጋግተን እናወራለን» አሉ። ሰኞ ነገ ነው።

ስለዚህ ወንድም ጋሼ፣ አባትህ ይጠራሃል የሚል ሰው ቢመጣ አትምጣ። ማንም አይነካህም ቢሉህ አትምጣ። እኔ በራሴ እጅ ጽፌ ና ብልህም አትምጣ።

እማዬ ጉንጭህን ትስማለች። ዘነበች ሽቶ አምጣልኝ ብላ ነበር፤ አሁን ተወው ብላለች። አባባ ሰላምታ አልላኩም፤ ብቻ ከቀበሌ እንደተመለሱ ጫማዬን ጠርገው በሩ ሥር አስቀምጠውልኛል። ይህን የምታደርስልህን ጎረቤታችንን ቱሪያን አመስግንልን፤ አንብበህም አቃጥለው።

ታናሽ ወንድምህ ወልደጻድቅ
ድሬ ዳዋ፣ ከዚራ
እሑድ፣ ኅዳር 24 ቀን 1971 ዓ.ም.