በዋና አሠልጣኛችን በጋሽ ትንፋሽ ኅልፈት ከዒላማ ተኩስ ስፖርት ማኅበር የተሰጠ መግለጫ

የዒላማ ተኩስ ስፖርት ማኅበር ዋና አሠልጣኙ፣ የቀድሞው የሽጉጥ ሻምፒዮን፣ አባላት ሁሉ «ጋሽ ትንፋሽ» እያሉ የሚጠሯቸው አንጋፋ ስፖርተኛ ባደረባቸው ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ባለፈው ማክሰኞ ማለዳ ሕይወታቸው ማለፉን ሲያሳውቅ ሀዘኑ ከባድ ነው። መርዶው የደረሰን መተኮሻ አዳራሹን ለመክፈት ቁልፍ ይዘን በር ላይ በቆምንበት ሰዓት ነበር። በሩን ሳንከፍት ተመለስን፤ እስከ ዛሬም አልተከፈተም።

ቤተሰባቸውን ለማጽናናት ከመጡት ጎረቤቶች አንዷ ባለቤታቸውን፣ «ለመሆኑ ሥራቸው ምን ነበር? ማንን ነው የሚተኩሱት?» ሲሉ ጠይቀዋቸዋል። ባለቤታቸውም፣ «ማንንም አይደል እቴ። ወረቀት ላይ ያለች ነጥብ ነው። ዕድሜውን በሙሉ እሷኑ ሲያይ ኖረ» በማለት መልሰዋል። ብዙ ሰው ስለ ስፖርቱ የሚያውቀው ከዚህ እንደማያልፍ ስለምንረዳ፣ የአሠልጣኛችንን አገልግሎት ስንገልጽ ውድድሮቹንም አብረን እናስተዋውቃለን። እሳቸውም በሕይወት ቢኖሩ ስለ ራሳቸው ከማውራት ይልቅ ይህንኑ ይመርጡ ነበር።

ጋሽ ትንፋሽ ወደ ስፖርቱ የገቡት በወጣትነታቸው፣ በሰዓት ጥገና ሙያ ሲተዳደሩ ነው። የመረጡት የአየር ሽጉጥ ውድድር ነበር። ተወዳዳሪው ከዒላማው አሥር ሜትር ርቆ ይቆማል፤ ሽጉጡን በአንድ እጁ ብቻ ይይዛል፤ ክንዱን ዘርግቶ ያነጣጥራል። ክንዱን ግድግዳም ሆነ ጠረጴዛ ላይ ማስደገፍ አይፈቀድለትም፤ ሌላኛው እጅ አብዛኛውን ጊዜ ኪስ ውስጥ ይገባል። በዚህ ዘርፍ በተከታታይ የብሔራዊ ሻምፒዮንነት ክብር ተጎናጽፈዋል። የዚያን ዘመን ተጋጣሚዎቻቸው፣ «እሱ ሲያነጣጥር ክንዱ ላይ ውኃ የሞላ ብርጭቆ ብታስቀምጥ ጠብ አይልም» ይሉ እንደነበር ዛሬም ያስታውሳሉ።

ከውድድር ዓለም ተሰናብተው ወደ አሠልጣኝነት በተሸጋገሩ ማግስት የአየር ጠብመንጃ ክፍልን መሠረቱ። ክፍሉ የተጀመረው የአሮጌ ወንበር ማከማቻ በነበረ ምድር ቤት ውስጥ ነው። የጠብመንጃው ዒላማ ከሽጉጡ እጅግ ያነሰ ሲሆን መሐል ያለችው የአሥር ነጥብ ምልክት ከሰናፍጭ ቅንጣት ታንሳለች። ተወዳዳሪው ጀርባውን የሚደግፍ ደረቅ ጃኬት ለብሶ፣ የጠብመንጃውን ክብደት በግራ ዳሌው ላይ አሳርፎ ቃታውን ቀስ ብሎ ይስባል። ጀማሪዎች ለመተኮስ ሲቸኩሉ እሳቸው፣ «ልጆች፣ በዓይን ብቻ የሚተኮስ ይመስላችኋል። መጀመሪያ እግር ነው፤ ከዚያ ወገብ፤ ከዚያ ትንፋሽ። ዓይን መጨረሻ ይመጣል» ይሏቸው ነበር። ቅጽል ስማቸውም የወጣው ከዚሁ ነው።

ቀጥሎ በነበሩት ዓመታት የሃምሳ ሜትር ጠብመንጃን አስጀመሩ። በዚህ ውድድር አንድ ሰው ተንበርክኮ፣ በደረቱ ተኝቶና ቆሞ ይተኩሳል፤ አቋሙን በለወጠ ቁጥር ሰውነቱን እንደ አዲስ ማስተካከል አለበት። በአምስት ዒላማዎች ላይ በሴኮንዶች ውስጥ የሚተኮስበትን የፈጣን ሽጉጥ ውድድርም ጨመሩ። ጥይቱ ከማለቁ በፊት ትዕግሥቱ የሚያልቅ ሰው በዚህ ዘርፍ እንዲገባ አይፈቅዱም ነበር።

በአሠልጣኝነታቸው እኩሌታ ዘመን ከከተማው ወጣ ብሎ በሚገኝ፣ ሥራ ባቆመ የድንጋይ ካባ ውስጥ የበራሪ ዒላማ ሜዳ አቋቋሙ። በዚህ ዘርፍ ከማሽን የሚወነጨፍ የሸክላ ዲስክ አየር ላይ እንዳለ በረጅም ጠብመንጃ ይመታል። በምረቃው ዕለት ማሽኑ አልነሳም ቢል ጃኬታቸውን አውልቀው ዲስኩን እየወረወሩ ውለዋል። «የዛሬው ማሽን እኔ ነኝ፤ ቅባቴን ብቻ እንዳትረሱ» ብለው እንግዶቹን ሁሉ አስቀዋል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ቀኝ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። መጀመሪያ ድካም ነው ብለው አለፉት። ሐኪማቸው ግን እየባሰ የሚሄድ፣ የሚዘገይ እንጂ የማይድን ሕመም መሆኑን ነገሯቸው። አባላትን ተኩስ መስመሩ ላይ ሰብስበው እጃቸውን ዘርግተው አሳዩ። «ይኸውላችሁ፣ አትደብቁልኝ፣ እኔም አልደብቃችሁም። ከእንግዲህ በአፌ ነው የማስተምራችሁ» አሉ። ከዚያን ዕለት ጀምሮ እጅ የሆነችላቸው ሴት ልጃቸው ናት። እሳቸው ይናገራሉ፤ እሷ የጀማሪውን ጣት ቃታው ላይ ታስተካክላለች። እሷ ራሷ በአየር ጠብመንጃ ከአባላቱ ሁሉ የላቀች ተወዳዳሪ ነበረች።

ባለፈው ዓመት ለአህጉራዊው ሻምፒዮና በተካሄደው የማጣሪያ ፍጻሜ ልጃቸው ከሌላ ተወዳዳሪ ጋር ለአንዷ የማለፊያ ቦታ ለመፎካከር ቀረች። አንድ ጥይት ብቻ ቀርቷቸው ነበር፤ በነጥብ የምትመራውም እሷ ነበረች። በፍጻሜ ውድድር እያንዳንዱ ጥይት የተወሰነ ጊዜ አለው፤ ጊዜው ካለፈ ዜሮ ይመዘገባል። ጋሽ ትንፋሽ ከኋላዋ፣ በአሠልጣኝ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። አዳራሹ ጸጥ ሲል እጃቸው የወንበሩን ብረት ይመታ ጀመር። በሌላኛው እጃቸው ቢይዙትም አልቆመም። ድምፁ ልጃቸውን እንዳይረብሻት በማሰብ ተነሥተው ቀስ ብለው ወጡ።

ልጃቸው ጠብመንጃዋን ወደ ትከሻዋ ከማንሣቷ በፊት ዘወር ስትል ወንበሩን ባዶ አየችው። ወድቀው የተወሰዱ መሰላት። መሣሪያዋን በደንቡ መሠረት ባዶ አድርጋ አስቀመጠችና ወደ ውጭ ሮጠች። ኮሪደር ላይ ግድግዳ ተደግፈው ቆመው አገኘቻቸው።

«ምን ሆንሽ? ተኮስሽ?» አሏት።

«ወንበሩ ባዶ ነበር እኮ፣ አባዬ።»

«ምንም አልሆንኩም። ተመለሺ፣ ልጄ! ተመለሺ!»

ስትመለስ ጊዜው አልፎ ነበር። ዳኞቹ ደንቡን ተከትለው ዜሮ መዘገቡ፤ ማኅበሩም ይግባኝ የሚልበት ነገር አልነበረውም።

ከዚያ ወዲህ ጋሽ ትንፋሽ ወደ አዳራሹ አልመጡም። የሥራ አስፈጻሚ አባላት ደጋግመው ቤታቸው ሄደዋል። «እኔ ባልነሣ ኖሮ ትተኩስ ነበር» ሲሉ ይመልሱላቸው ነበር። ልጃቸው አልጋው ጫፍ ተቀምጣ፣ «እኔ ነኝ የወጣሁት፤ ማንም አላስወጣኝም» ስትላቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞሩ ነበር። ምግብ እየቀነሱ፣ ንግግር እየተዉ ሄዱ። ሐኪማቸው ሕመሙ በዚህ ፍጥነት ይወስዳቸዋል ብሎ አልገመተም ነበር። ልጃቸው በመጨረሻዋ ቀን ይቅር እንዲባባሉ ለምናቸው እንደነበር፣ እሳቸው ግን ድምፅ ማውጣት አቅቷቸው ዓይኗን እያዩ እንዳለፉ ነግራናለች። ሰምተዋት ይሁን አይሁን አታውቅም። እኛም አናውቅም።

ልጃቸው ትናንት ጠብመንጃዋን ለማኅበሩ ንብረት ክፍል አስረክባለች። የክፍሉ ኃላፊ፣ «እስክትመለሺ እኔ ጋ ይቆይልሽ፣ የኔ እናት» ቢሏትም፣ «አልመለስም። ለሚተኩስ ሰው ስጡት» ብላ ወጥታለች።

ማኅበሩ በአሁኑ ወቅት የጠብመንጃም ሆነ የሽጉጥ አሠልጣኝ የለውም። ጀማሪዎቹ ወደ ቤታቸው ተሰናብተዋል። በዚህ ዓይነት መግለጫ፣ የተጀመረውን ሥራ ከግብ እናደርሳለን ብሎ ቃል መግባት የተለመደ ነው። ሥራ አስፈጻሚው ዐረፍተ ነገሩን ጽፎ፣ ተወያይቶበት፣ ሰርዞታል፤ የሚያምንበት ሰው ከመካከላችን አልተገኘም።

ለባለቤታቸው፣ ለልጃቸው፣ ለሥራ ባልደረቦቻቸውና በእጃቸው ላለፉ ተወዳዳሪዎች ሁሉ መጽናናትን እንመኛለን። በተለይ ለልጃቸው፣ ያን ቀን አባቷን ፍለጋ መውጣቷን ማናችንም እንደ ጥፋት እንደማንቆጥረው በዚህ መግለጫ እናረጋግጥላታለን። ቃላችን እንደማያጽናናት ግን እናውቃለን፤ ልትሰማው የምትፈልገው ከእኛ አፍ አልነበረም።

የዒላማ ተኩስ ስፖርት ማኅበር ሥራ አስፈጻሚ