ጭረት የሌላት ምልክት

ውድ ወንድሜ ሄኒንግ፣

ሁለት ደብዳቤ ጽፌልህ ያገኘሁት መልስ «አስብበታለሁ» የምትል አንዲት ፖስታ ካርድ ናት። ጀርባዋ ላይ የሽቱትጋርት ባቡር ጣቢያ አለ። ጣቢያው ያምራል። ይኸው ሦስተኛውን ጻፍኩ፤ ይኼኛው ግን ልመና አይደለም።

ነገሩን ከመነሻው ላስታውስህ፣ የሚያስብ ሰው መረጃ ያስፈልገዋል። ለሸክላ ሥራዬ የሮስቶክ ገበያ ቦታ ሰጠኝና «ሎጎዎን ይላኩ» አለኝ። ሎጎ የለኝም። ቶርቤን የሚባል ነዳፊ ከከተማ በጀልባ መጣ። በነጭ ጫማ ጭቃዬ መሀል ቆሞ፣ ኑዛዜ እንደሚቀበል ቄስ ፊቱን አክብዶ ጠየቀኝ።

«ድርጅትዎ እንስሳ ቢሆን ኖሮ ምን ይሆን ነበር?»

«የደከመች በቅሎ።»

«ግሩም ነው» አለና ጻፈው።

በሳምንቱ የላከልኝ የባሕር ወፍ ነው። እዚህ ደሴት ላይ ዳቦ ቤቱ ወፍ አለው፣ ብስክሌት አከራዩ ወፍ አለው፣ ጥርስ ሐኪሙ ሳይቀር ወፍ አለው፤ ያውም ጥርስ ያለው ወፍ።

ተናድጄ ከቤት ስወጣ ነው ቀና ብዬ የበሩ ጉበን ላይ ያየኋት፤ የቤታችንን ምልክት። እዚህ ደሴት ላይ እያንዳንዱ ቤት ከአያት የወረሳት የራሱ ምልክት አለችው። ቀጥ ያለች መስመር፣ አናቷ ላይ ቀስት። አባባ መቅዘፊያው ላይም፣ የድንች ጆንያው ላይም ያደርጋት የነበረችው። ዓይኑ ከደከመ በኋላ የዓሣ ቅርጫቱን ከሰው ቅርጫት የሚለየው እሷን በጣቱ ዳሶ ነበር። አንተ ይህን አላየህም። እሷን ማኅተም አድርጌ ቀርጬ መቶ አርባ ኩባያ ቂጥ ላይ መታኋት። በእጄ የሠራሁት ዕቃ የእኔ ሲመስለኝ የመጀመሪያዬ ነበር።

ወደብ ላይ የደሴቱን ምልክት ሁሉ የሚያውቀው ሽማግሌ፣ ጋሽ ኤገርት፣ አንዱን ኩባያ ገልብጦ አየና፣ «ሄኒንግ ሸክላ የጀመረው መቼ ነው?» አለ።

«የእኔ ነው ጋሼ።»

«ምልክቱ የሄኒንግ ነው፣ የበኩሩ። ታናሽ ወንድም አንድ ጭረት ይጨምርበታል። አጎትሽም ጨምሯል።»

«እኔም ልጨምራ።»

«ሴት የባሏን ነው የምትይዘው።»

«ባል የለኝም።»

«እንግዲያው ወፍ አድርጊበት።»

መረብ የሚጠግኑት ሁሉ ሳቁ። እኔም ፈቃድህን ለመጠየቅ ጻፍኩልህ። አንተ ስታስብ ሚስትህ የገና ፎቷችሁን ላከች፤ ሶፋችሁ ላይ ያሉት ትራሶች ይህችው የቤታችን ምልክት ተጠልፋባቸዋለች። ትራስ ፈቃድ አያስፈልገውም ማለት ነው።

ጣሪያው ሲያፈስ አልጠየቅሁህም። አባባን ሦስት ክረምት ሳስታምም አልጠየቅሁህም። ለቀብሩ መጥተህ በማግስቱ ጀልባው ላይ ስትወጣም እጄን አወዛወዝኩልህ እንጂ ምንም አልጠየቅሁህም። የጠየቅሁህ ይህችን ብቻ ነው።

ትናንት ጋሽ ኤገርት ዘንድ ተመለስኩ።

«አጎቴ ጭረት የጨመረው ለምንድን ነው?»

«ከቤት ወጥቶ ሄደ ነዋ። ቤቱን ይዞ የቀረ ንጹሑን ምልክት ይይዛል፣ የወጣ ጭረት ይጨምራል» አለና ፒፓውን ሊለኩስ ክብሪት ጫረ። ከዚያ አፉ የተናገረው ለራሱ ገባው። ክብሪቱ ጣቱ ድረስ ነደደ።

«አንቺ ልጅ» አለኝ።

ሄኒንግ፣ ከዚህ ቤት ከወጣህ አሥራ ዘጠኝ ዓመትህ ነው። ኩባያዎቹ እንዳሉ ረቡዕ ይጫናሉ፤ ማሰብህን ተወው። ለአንተ የሚሆን ምልክት ነድፌ ፖስታው ውስጥ አድርጌልሃለሁ፤ የአባባ ናት፣ በስተቀኟ አንድ ጭረት አላት። የትራሶቹንም ጥልፍ መፍታት አያስፈልግም፣ አንድ መስመር ክር ይበቃቸዋል።

ከአባታችን ቤት፣
እህትህ ቪብከ