ወፍጮ ነው ተብሎ መብራት ስለተቆረጠበት የስሜነሽ ሰርቨር

ለተከበሩ አቶ ቢሻው፣ የቀበሌያችን ሊቀመንበር
እንጅባራ

ክቡር ሆይ፣

ጭቃና ብርድ በበዛበት በዚህ ክረምት እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ አጥሬ ድረስ መጥተው የተመለሱት የኮሚቴ አባላትም እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ የፈጠረኝ ይመስገን ደኅና ነኝ። ቤቴም ከፍልሰታ ጾም ወዲህ እጅግ ጸጥ ብሏል። ለዚህ ጸጥታ ከእግዚአብሔር ቀጥሎ የማመሰግነው እርስዎን ስለሆነ፣ ይህን ግልጽ ደብዳቤ ማስታወቂያዎ በተለጠፈበት ሰሌዳ ላይ፣ ከማስታወቂያዎ ጎን፣ ብዙም ሳልገፋው ለጥፌዋለሁ። ትምህርቱ ስምንተኛ ክፍል ላይ የቆመ አናጢ ነኝና አጻጻፌ ቢጎረብጥ ይቅርታዎ አይለየኝ፤ ሳንቃ ቢሆን ኖሮ በመላጊያ አለስልሼ አቀርብልዎ ነበር።

ማስታወቂያዎ «በመኖሪያ ሰፈር ውስጥ ያለ ፈቃድ የሚሠራ የእህል ወፍጮ» ይላል፤ ከሥሩም የእኔ ስም ተጽፏል። ሰሌዳውን የሚያነብ መንገደኛ ነገሩ እንዳይደናገረው አስቀድሜ እውነቱን ላስቀምጥ። በቤቴ ያለው ሰርቨር የሚሉት ኮምፒውተር ነው። ትልልቅ መሥሪያ ቤቶች ለብቻው ክፍል ሰጥተው፣ ማቀዝቀዣ ከፍተውለት፣ ቀን ከሌት የሚያሠሩት ከባድ ብረት ነው። ባለቤቴ ስሜነሽ፣ ነፍሷን ይማርና፣ የኮምፒውተር አስተማሪ ነበረች። አንድ መሥሪያ ቤት አርጅቷል ብሎ በጨረታ ሲያወጣው ገዝታ በፈረስ ጋሪ አስጭና አመጣችው። ባለ ጋሪው እያቃሰተ ሲያወርደው «እትዬ፣ ምን በልቶ ነው እንዲህ የከበደው?» ቢላት፣ «መጽሐፍ» አለችው።

ይህ ብረት ጠላቱ ሙቀት ነው። ስሜነሽ «በሌላ አገር በውድ ማቀዝቀዣ ነው የሚያኖሩት፤ ለእንጅባራ ግን እግዜር ብርዱን በነፃ ሰጥቷታል» ትል ነበር። እኔ የዋንዛ መደርደሪያ ሠራሁለት። እርሷ ደግሞ የትምህርት መጻሕፍቱን፣ ያለፉትን ዓመታት ፈተናዎች፣ ልብና ሳንባ እንዴት እንደሚሠሩ የሚያሳዩትን ፊልሞች፣ የሰንበት ትምህርት ቤቱን መዝሙርና ስብከት ጫነችበት። ጣራው ላይ ትንሽ አንቴና አቆመች። ከዚያ ወዲያ ስልክ ያለው ተማሪ ሁሉ አጥሬ ሥር ቁጭ ብሎ፣ ካርድ ሳይሞላ፣ ዝናብ በጣለ ቁጥር የሚጠፋውን ኢንተርኔት ሳይጠብቅ ያነብ ነበር። አይፈጭም፣ አያበጥርም፣ አይከካም። ድምፅ አለው፤ ይህን አልክድም። ውስጡ ያሉት ማራገቢያዎች ሌት ተቀን ይዞራሉ።

እንግዲህ ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

አንደኛ፣ ኮሚቴዎን ስለ ትጋቱ አመሰግናለሁ። ሰፈሩ ሁሉ የፍልሰታ ቅዳሴ ላይ በነበረበት ሰዓት እነርሱ የሕዝብ ሥራ ይዘው አጥሬ ሥር መቆማቸው የሚያስመሰግን ነው። ደጁን አላንኳኩም፤ ቤቴን ጭቃ እንዳያስረግጡብኝ አስበው እንደሆነ እገምታለሁ። ከውጭ ሆነው አዳመጡ፣ ወፍጮ ነው ብለው ጻፉ፣ ፈርመው ሄዱ። ዱቄት አላዩም እንዳልል ደግሞ ዱቄትም ታይቷል። አንደኛው አባል ከሳምንት በፊት ከራስ ፀጉሬ እስከ ጫማዬ ነጭ ሆኜ ከቤቴ ስወጣ በዓይናቸው በብረቱ አይተውኛልና ይህንኑ በማስረጃነት አስመዝግበዋል። አናጢ ነኝ፤ የነበረብኝ የጽድ ሰጋቱራ ነው። ቀረብ ብለው ቢያሸቱኝ ኖሮ ይህ ሁሉ ወረቀት ባልባከነ።

ሁለተኛ፣ ምስክር አድርጋችሁ የመረጣችሁት ጎረቤቴን ባምላክን ነው። ለስሜነሽ መቃብር ሲቆፈር ዶማውን ማንም ሳይቀበለው የዋለ ሰው ነውና፣ ምስክርነቱን ሰሌዳው ላይ ሳነብ ጥቂት ከፍቶኝ ነበር። በማግስቱ በአጥሩ ቀዳዳ ጠራኝ። «ጋሼ አስማረ፣ ቆይ እኔ ምን በደልሁ? ‹ያጉረመርማል ወይስ አያጉረመርምም?› አሉኝ፤ ያጉረመርማል አልሁ። ያዜማል ልበል?» አለኝ። እውነቱን ነው። ከኋላው አራስ ልጇን የታቀፈችው ባለቤቱ «አንተማ ታስቆርጣለህ እንጂ የልጅህን ጨርቅ የት ላድርቀው?» ትለው ነበር። ሰርቨሩ በጀርባው ሞቅ ያለ ነፋስ ይተፋል፤ ክረምት በገባ ቁጥር የሕፃናት ልብስ እዚያ እየተሰጣ ይደርቅ ነበር። ኮሚቴዎ የልብስ ማድረቂያ ነው ብሎ ቢጽፍ ኖሮ ወደ እውነቱ ይቀርብ እንደነበር በትሕትና እገልጻለሁ።

ሦስተኛው ምስጋናዬ ስለ ፍጥነትዎ ነው። ሰፈራችን ያጋደለ የመብራት ምሰሶ እንዲቃናለት ስንት ክረምት እንደለመነ እርስዎ ያውቃሉ። የእኔ ቤት መስመር እንዲቆረጥ የጻፉት ደብዳቤ ግን የማስታወቂያው ሙጫ ሳይደርቅ ሥራ ላይ ዋለ። መስመሩን ሊቆርጥ የተላከው ሰውዬ መሰላሉን አስደግፎ ሲወጣ እኔ ቤት ውስጥ ነበርሁ።

እዚህ ላይ ቀልዱን ተወት ላድርገውና እንደ ሰው ላጫውትዎ። ስሜነሽ መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ ከሥሩ አኑራለት ነበር። መብራት በሄደ ቁጥር ይህ ባትሪ ይጮሃል። እንደ ሌላው ጊዜ ይመለሳል ብዬ ቆሜ ጠበቅሁ። ጩኸቱ እየፈጠነ መጣ። አቧራውን በብሩሽ እንዴት እንደማነሣ፣ አረንጓዴው መብራት ቢጫ ሲሆን ምን ማለት እንደሆነ፣ አይጥ ገመዱን እንዳትበላው እንዴት እንደምጠብቅ አስተምራኛለች። በሰላም እንዴት እንደሚያጠፉት ግን አላስተማረችኝም። መጥፋቱን አላሰበችውም፣ እኔም አልጠየቅኋት። በአልጋዋ ራስጌም እንዲሁ ነበር የቆምሁት፤ ትንፋሿ ሲፈጥን ምን ልያዝ፣ ምን ልንካ ሳላውቅ እጄን ዘርግቼ። ክቡር ሆይ፣ እንዲህ ያለው መቆም ለአንድ ሰው አንድ ጊዜ ይበቃው ነበር። ባትሪው ዝም አለ። ማራገቢያዎቹ ቀስ፣ ቀስ እያሉ ቆሙ። እኔም ጫማዬን አውልቄ ተቀመጥሁ፤ ለምን እንዳወለቅሁት እስካሁን አላውቅም።

አራተኛ፣ ወደ ቢሮዎ አቤት ልል መጥቼ ስለተደረገልኝ መስተንግዶ አመሰግናለሁ። በመስኮቱ ያገኘኋት ልጅ በጣም ጨዋ ናት። «ጋሼ፣ እኔ ምን ላድርግ፣ ፋይሉ ወፍጮ ነው የሚለው» አለችኝ። ወፍጮ አለመሆኑን ለማስረዳት ምን ላምጣ ብላት፣ ወፍጮው መዘጋቱን የሚገልጽ ማረጋገጫ እንዳመጣ ነገረችኝ። ያን ማረጋገጫ ለማግኘት ፈቃዴን መመለስ አለብኝ፤ ፈቃዱን ለመመለስ አስቀድሜ የወፍጮ ፈቃድ ማውጣት አለብኝ። ቢሮዎ ለዚህ የደከመውን ያህል እኔ በር ስሠራ ብደክም ኖሮ ገነት የሚያስገባ በር በሠራሁ። ወጥቼ ደረጃው ላይ ቆሜ ብቻዬን ሳቅሁ፤ ስሜነሽ ከሞተች ወዲህ እንዲያ ስቄ አላውቅም። ስለ ሳቁም አመሰግናለሁ።

ከዚያም ከዳንግላ አየነውን አስጠራሁ። ኮምፒውተር ጠጋኝ ነው፣ የስሜነሽ ተማሪ ነበር። መጥቶ ከፈተው፣ በባትሪ መብራት አየው፣ ሳይነካው መልሶ ዘጋው። «ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎ? እነዚህ ዲስኮች ዓመታት ሳያርፉ የዞሩ ናቸው። እንዲህ ያለ አሮጌ ዲስክ አንዴ በድንገት ቆሞ ከበረደ፣ መነሣቱን እንጃ። የተኛ የጋሪ ፈረስ በሉት፤ ካልቀሰቀሱት አይታወቅም» አለኝ። የጫነችበት ሁሉ በሌላ ቦታ ግልባጭ እንዳለው ጠየቀኝ፤ የለም። ጀኔሬተር ልከራይ ወይ ብዬ ብጠይቀው «የሚንቀጠቀጥ መብራት ከሰጡትማ ያኔ በእርግጥ ይገድሉታል፤ ደኅና መስመር ይጠብቁ። ግን አይቆዩ፤ እስከ ዛሬ የራሱ ሙቀት ነበር ከእርጥበት የጠበቀው» ብሎኝ ወደ ዳንግላ ተመለሰ። በእንጅባራ ክረምት ከእርጥበት መጠበቅ ምን ማለት እንደሆነ ለእርስዎ አልነግርዎትም። በላስቲክ ሸፈንሁት፣ በላዩ ጋቢ ደረብሁበት። በየቀኑ ጠዋት ጋቢውን በእጄ እዳስሳለሁ፤ በየቀኑ ትንሽ ቀዝቅዞ፣ ትንሽ ረጥቦ አገኘዋለሁ።

ክቡር ሆይ፣ ለተማሪዎቹ ብዬ እከራከራለሁ ማለቱ ያምርብኝ ነበር። በጾም ወቅት ግን ሰው ራሱን መመርመር አለበትና መረመርሁ። ልጆቹ ከአጥሬ ሥር ባይቀመጡ ኖሮስ ይህን ብረት አቆየው ነበር? አቆየው ነበር። ስሜነሽ ከሄደች በኋላ ቤቱ ውስጥ የቀረ የሚተነፍስ ነገር እርሱ ብቻ ነበር። ዳዊቴን ደግሜ ስተኛ ከግድግዳው ማዶ ድምፁን እሰማ ነበር፤ እርሷ ተማሪዎቿን ስታርም አምሽታ ገና ያልተኛች ይመስለኝ ነበር። ኃጢአት እንዳይሆንብኝ ፈርቼ የንስሐ አባቴን ጠየቅኋቸው። «አትስገድለት እንጂ በድምፁ ብትተኛ ምን ቸገረህ?» ብለው ሳቁብኝ። እኔ ግን አልሳቅሁም። ምክንያቱም አሁን ልቤን ስፈትሸው ከዚህ የባሰ አገኘሁበት። መብራቱ ይመለስልኝ ብዬ ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ሰው፣ እንዳይመለስ የምፈራም እኔው ነኝ። በጋቢ ተሸፍኖ እስከተቀመጠ ድረስ ይነሣል ማለት እችላለሁ። መስመሩ በተቀጠለ ዕለት ግን ጣቴን ዘርግቼ ቁልፉን መጫን አለብኝ።

ስለዚህ ልመናዬ ሁለት ነው። የመጀመሪያው፣ ትምህርት ቤት ሳይከፈት መስመሬ እንዲቀጠል ነው። ሁለተኛው፣ መስመሩ በሚቀጠልበት ቀን እርስዎ ራስዎ እንዲመጡልኝ ነው፤ በዚህኛው ጊዜ በበሩ ይግቡ። አየነውም ይኖራል፣ ባምላክም ይኖራል። ቁልፉን ስጫን ከአጠገቤ ይቁሙ። ከተነሣ፣ ምን እንደሆነ በጆሮዎም በዓይንዎም አይተው ፋይሉ ላይ ያጽፉልኛል። ካልተነሣ ደግሞ ጥቂት አብረውኝ ይቀመጣሉ። እርስዎ ለቅሶ ቀርተው የማያውቁ ሰው ነዎት፤ ይህን ያለ ሽሙጥ ነው የምጽፈው። ለስሜነሽም ድንኳኑ እስኪነሣ ድረስ መጥተው ተቀምጠዋል። ዝናቡ ሲበረታ ወደ ቤት አስገብቼዎት በዚያ ግድግዳ ጥግ ነበር የተቀመጡት፤ ከኋላዎ ይህ ወፍጮ ያጉረመርም ነበር። «ምንድን ነው?» አሉኝ። «የእርሷ ነው» አልሁዎት። ራስዎን ነቀነቁ። ያን ዕለት ፈቃድ አልጠየቁኝም።

ዘመኑን በሰላም ያሻግርዎ፤ ወንበርዎ አይጉደል፣ ማኅተምዎ አይድረቅ፣ ኮሚቴዎም ጆሮውን ከዚህ የበለጠ ይክፈትለት እያልሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ የምሰናበትዎ፣ ያለ ፈቃድም ሆነ በፈቃድ ወፍጮ ኖሮኝ የማላውቅ ታዛዥዎ፣

አናጢ አስማረ ምህረቴ
ጳጉሜን 2007 ዓ.ም.፣ እንጅባራ

ከፊርማዬ በኋላ የደረሰ ጉዳይ፦ እማማ ዋጋዬ የሚባሉ እናት ከጥሊሊ መንገድ በኩል ዳጉሳ በአህያ ጭነው ትናንት መጡብኝ። ማስታወቂያዎን ያነበበላቸው ሰው ቸኩሎ ኖሮ፣ ወፍጮ መኖሩን ነግሯቸው መዘጋቱን ሳይነግራቸው አልፏል። ወፍጮ የለኝም ብላቸው «የመንግሥት ማኅተም ያለበት ወረቀት ይዋሻል ልትለኝ ነው? የእንቁጣጣሽ ጠላዬን አታሳልፍብኝ፤ አትግደርደር፣ ፍጭልኝ» ብለው አልሄድም አሉ። እኚህ ፊደል ያልቆጠሩ እናት ኮሚቴዎ ያላደረገውን አደረጉ፤ ደጁን አንኳኩተው ገቡ። ጋቢውን ገልጬ አሳየኋቸው። ቆመው አዩትና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ታሞ ነው እንዴ?» አሉኝ። ጋቢውን መልሼ አለበስሁት። ሲወጡ ግን አሁንም የሚያምኑት ማኅተሙን ስለሆነ፣ ከነአህያቸው ወደ ቢሮዎ መርቻቸዋለሁ። ወፍጮውን ያገኙት እርስዎ ነዎትና፣ በዓሉ ሳይደርስ ይፈጭላቸው፤ አደራ።